ውሃን መሳልና ውሃን ማፍሰስ
በሄለን ፍራንከንታለር «ተራሮችና ባሕር» ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ባለፈው ወሰነ ትምህርት በአንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ ሥዕል በግድግዳ ላይ አብርተው አሳዩን። በሥዕሉ ላይ ሰው የለም፤ ቤት የለም፤ ይህ ዛፍ ነው፣ ያ ድንጋይ ነው ተብሎ በጣት የሚጠቆም ነገር የለም። የሚታየው ባዶውን በተተወ ሸራ ላይ ፈሶ የደረቀ ፈዛዛ ሮዝ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም፣ በመካከሉም የሚሮጡ ጥቂት የከሰል መሥመሮች ናቸው። ከመካከላችን አንዱ «ይህንንስ ታናሽ እኅቴም ትሠራዋለች» አለ። ሌላው ፈጠን ብሎ «ይህ ስሜት ነው፤ በስሜት ላይ ደግሞ አይፈረድም» ሲል መለሰለት። ወዲያው ሰዓቱ ደረሰና ተበተንን።

እኛ ግን ከሁለቱ መልሶች በአንዱም አልረካንም። መልሶቹ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ውይይቱን መዝጋት ነው። የፊተኛው ሥዕሉ ገና ሳይታይ ይዘጋዋል፤ የኋለኛው ከታየ በኋላ እንዳይመረመር ይዘጋዋል። በተለይ ሁለተኛው አስተያየት ለሥዕሉ የቆመ መስሎ ይበልጥ የሚጎዳው ይመስለናል። ምክንያቱም የማይፈረድበት ነገር የማይመሰገንም ነገር ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከተፈጥሮ የሚነሣ ረቂቅ ሥዕል የሚመዘንበት ሚዛን እንዳለ ማሳየት ነው። ሚዛኑም ሥዕሉ ተፈጥሮን መምሰሉ አይደለም፤ ሠዓሊው ምን ያህል እንደ ተሰማውም አይደለም። ቀለሙ በሸራው ላይ የሠራው ሥራ፣ ማንኛችንም ከምናውቀው ከውሃ ሥራ ጋር የሚገናኝ መሆኑና አለመሆኑ ነው። ይህንኑ በአንድ ሥዕል ላይ፣ ይኸውም በክፍል ውስጥ ባየነው በአሜሪካዊቷ ሠዓሊ በሄለን ፍራንከንታለር «ተራሮችና ባሕር» ላይ፣ ለመፈተን እንሞክራለን። የውጭ አገር ዓመታትን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሀ. ሥዕሉና አሠራሩ

ፍራንከንታለር በ1928 በኒው ዮርክ ተወለደች፤ በ2011 ዐረፈች። በ1952 በጋ፣ ዕድሜዋ 23 ዓመት ሳለ፣ ወደ ካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ወደ ኖቫ ስኮሺያና ኬፕ ብሬተን ተጉዛ ነበር። በዚያ የተራራውንና የባሕሩን መልክ እያየች በውሃ ቀለም ትናንሽ ሥዕሎች ሠራች። እነዚህ የተለመዱ የመልክዐ ምድር ሥዕሎች ናቸው፤ ተማሪ ሁሉ ከመስክ ይዞ እንደሚመለሰው ያሉ። ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1952፣ ማለትም በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 16 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ትልቅ ሸራ በወለል ላይ ዘረጋች። የሸራው ቁመት ወደ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱም ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። በፊቷ የካናዳ ባሕር የለም፤ የያዘችው ዐይኗና ክንዷ የለመዱትን ብቻ ነበር።

ሸራን በወለል ዘርግቶ ከላይ ቀለም ማፍሰስን ከእርሷ በፊት ጃክሰን ፖሎክ ጀምሮታል። እርሷም የፖሎክን ሥራዎች በኒው ዮርክ ትርኢቶች አይታ ነበር። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የፖሎክ ቀለም ወፍራም ስለሆነ በሸራው ላይ እንደ ገመድ ተጋድሞ ይቀራል። ፍራንከንታለር ግን የዘይት ቀለሟን በማቅጠኛ እስኪፈስ ድረስ አቀጠነችው። ሸራውንም ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ እንደሚያደርጉት ኮላና ነጭ መደብ ሳትቀባ ጥሬውን ተወችው። ስለዚህ ቀለሙ በሸራው ላይ አልተቀመጠም፤ ወደ ውስጥ ሰጠመ።

ሥዕሉ መጀመሪያ ለሕዝብ ሲታይ ብዙዎች እንደ ትልቅ የቀለም መጥረጊያ ጨርቅ ቈጥረውት እንደ ነበር ሠዓሊዋ ራሷ በኋላ ታስታውስ ነበር። ይሁን እንጂ በ1953 ሃያሲው ክሌመንት ግሪንበርግ ሞሪስ ሉዊስና ኬነት ኖላንድ የተባሉ ሁለት ሠዓሊዎችን ከዋሽንግተን አምጥቶ ሥዕሉን አሳያቸው። ሁለቱም ወደ ከተማቸው ሲመለሱ አሠራራቸውን ለወጡ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ለረጅም ጊዜ በዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ በውሰት ተቀምጦ ሲታይ ኖሯል።

ለ. በአቡጀዲድ ላይ ያደረግነው ሙከራ

ሥዕሉን እኛ ያወቅነው በመጽሐፍ ገጽና በግድግዳ ላይ በበራ ብርሃን ነው። በገጽ ላይ ሥዕሉ ከመዳፍ አይበልጥም። ስለዚህ መጠኑን ለመረዳት በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ለካነው። አንድ ሰው እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቢቆም ከጠመኔው ድንበር አይደርስም። ከዚህ የተረዳነው በዚህ ሥዕል ፊት ተመልካች እንደ መስኮት አሻግሮ እንደማያይ፣ ይልቁንም በወንዝ ዳር እንደ ቆመ ሰው ግራና ቀኙን እየዞረ እንደሚያይ ነው።

ከዚያ ወደ አሠራሩ አለፍን። ከገበያ አቡጀዲድ ገዝተን ሁለት ቦታ ቈረጥነው። አንደኛውን ቁራጭ ኮላና ነጭ ቀለም ቀብተን አደረቅነው፤ ሁለተኛውን ጥሬውን ተውነው። ሁለቱንም በወለል ዘርግተን፣ በአኳራጅ ያቀጠንነውን ሰማያዊ የዘይት ቀለም እኩል እኩል አፈሰስንባቸው። ውጤቱ እንደሚከተለው ነው።

በተቀባው ጨርቅ ላይ ቀለሙ እንደ ጠብታ ቆመ፤ ወለሉ ወደሚያዘነብልበት ሮጠ፤ ሲደርቅም ዳሩ እንደ ቢላዋ ስለት ጥርት ብሎ አብለጨለጨ። ስሕተት መስሎ የታየንን በጨርቅ ስንጠርገው ጠፋ። በጥሬው ጨርቅ ላይ ግን ቀለሙ ወዲያውኑ ወደ ድሩና ማጉ ገባ። ፈትሉን እየተከተለ ቀስ ብሎ ተስፋፋ፤ የት እንደሚያቆምም ልንነግረው አልቻልንም። ዳሩ የለሰለሰ ሆነ፤ ከቀለሙም አልፎ ቀለም የሌለው የዘይት ክብ በዙሪያው ታየ። ልንጠርገው ብንሞክር ይብሱን አሰፋነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለውን ተረት በእጃችን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ይህች ትንሽ ሙከራ ስለ ሥዕሉ ሁለት ነገር አስተማረችን። አንደኛ፣ «ታናሽ እኅቴም ትሠራዋለች» ያለው ጓደኛችን ተሳስቷል። በጥሬ ጨርቅ ላይ ማፍሰስ ቀላል ነው፤ 3 ሜትር በሚጠጋ ሸራ ላይ አፍስሶ የት ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በ«ተራሮችና ባሕር» ላይ ሰፊ ሸራ ምንም ሳይነካ ቀርቷል። ያ ባዶ ቦታ ያልተጨረሰ ሥራ አይደለም፤ በመካከሉ ላሉት ቀለሞች እንደ ብርሃንና እንደ አየር ሆኖ ያገለግላል። አንድ ጽዋ ቀለም ቢጨመርበት ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ የጠፋውንም የሚመልሰው የለም።

ሁለተኛ፣ «ስሜት ነው፤ አይፈረድም» ያለውም ተሳስቷል። በሥዕሉ ውስጥ ስሜት የምንለው ነገር በሠዓሊዋ ልብ ተሸሽጎ የቀረ ምሥጢር አይደለም። በሸራው ላይ በግልጽ የሚታይ ውሳኔ ነው። እዚህ አፍስሳለች፤ እዚህ በስፖንጅ ገታ አድርጋለች፤ እዚህ ትታለች። ውሳኔ ደግሞ ሊመረመርና ሊፈረድበት ይችላል።

ሐ. ስምምነት ያለበት ውሃና ስምምነት የሌለበት ውሃ

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ይህ የባዕድ አገር ነገር ነው፤ የእኛ ሰው ሥዕል ሲያይ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል» የሚል ነው። ተቃውሞው አዲስ አይደለም። አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው በ1962 ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱና በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ረቂቅ ሥዕላቸው የውጭ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶባቸው እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ነገር ግን ውሃ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚሳል እናስብ። ጌታ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ውሃው የሚሳለው ተደርድረው በሚጠማዘዙ መሥመሮች ነው፤ በመሥመሮቹም መካከል ዓሣዎች ይታያሉ። ፈርዖንና ሠራዊቱ በቀይ ባሕር ሲሰጥሙም እንዲሁ ነው። ውሃ እንዲህ በመሥመር የተደረደረ አይደለም ብሎ የተከራከረ ምእመን አልሰማንም። ምክንያቱም መሥመሩ ምልክት ነው፤ ሠዓሊውና ምእመኑ በዚህ ምልክት ላይ ከጥንት ጀምሮ ተስማምተዋል። እንግዲህ የእኛ ሰው ከተፈጥሮ መልክ የራቀ ሥዕል አይገባውም ማለት አባቶቻችንን መርሳት ነው።

ሆኖም ልዩነቱን መሸፋፈን አይገባም። የግድግዳው ውሃ ስምምነት ያለበት ውሃ ነው። የፍራንከንታለር ውሃ ግን ስምምነት የለበትም፤ ፈዛዛ ሰማያዊ ባሕር ነው፣ ሮዝ ቀለም ተራራ ነው ብሎ አስቀድሞ የተስማማ ማኅበር የለም። ታዲያ ስምምነት በሌለበት ሠዓሊዋና ተመልካቹ የሚገናኙበት ምንድን ነው? የእኛ መልስ «ቁሱ ራሱ» የሚል ነው። እርጥብ ነገር በጨርቅ ላይ ሲፈስ እንዴት እንደሚሰርግ የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ልብስ ያጠበ ያውቀዋል፤ ቡና ያፈሰሰ ያውቀዋል፤ የዝናብ ጠብታ ጋቢው ላይ ያረፈበት ሁሉ ያውቀዋል። ሠዓሊዋ የተመካችው በዚህ የጋራ ዕውቀት ላይ ነው።

ይህንን ለማረጋገጥ ሥዕሉን ርእሱን ሳንነግር ለአንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን አሳየነው። ጓደኛችን የግብርና ተማሪ ነው፤ ከሥዕል ጋርም ብዙ ትውውቅ የለውም። ጥቂት ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ታጥቦ የተሰጣ ነገር ይመስላል፤ ገና አልደረቀም» አለን። ባሕሩን አላወቀም፤ ውሃውን ግን አወቀ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈለግንም።

በዚህ አጋጣሚ «ረቂቅ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር እንጨምር። በሊቃውንቱ አነጋገር ረቂቅ ማለት የማይዳሰስ፣ የማይጨበጥ ሲሆን ተቃራኒው ግዙፍ ነው። «ተራሮችና ባሕር» በመልኩ ረቂቅ ይባል እንጂ በሥራው ግዙፍ ነው፤ ፈትል አለበት፣ ዘይት አለበት፣ የቀለም ክብደትና ቅጥነት አለበት። ብዙ ክርክር የሚነሣው ስሙ ስለሚያሳስተን ይመስለናል። ረቂቅ ሲባል ከሥጋና ከነፍስ የነፍስን ወገን እንጠብቃለን፤ ስለዚህም በዐይናችን ያለውን ጨርቅና ቀለም ማየት እንተዋለን።

መ. የሞኔ ኩሬ

የሰጠነው ሚዛን ለአንድ ሥዕል ብቻ የተበጀ እንዳይሆን በሌላ ውሃ ላይ እንሞክረው። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ በ1893 በዢቬርኒ ከቤቱ አጠገብ መሬት ገዝቶ የውሃ አበባ የሚያበቅል ኩሬ አሠራ። በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት የሣለው በአመዛኙ ይህንኑ ኩሬ ነው። በኖቬምበር 12 ቀን 1918፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ በማግሥቱ፣ ከእነዚህ ሥዕሎች ለፈረንሳይ መንግሥት ለመስጠት ለክሌማንሶ ደብዳቤ ጻፈ። ስጦታው እያደገ ሄዶ በፓሪስ በኦራንዥሪ በሁለት ሞላላ አዳራሾች የተሰቀሉት 8 ታላላቅ ሥራዎች ሆነ። ቁመታቸው ወደ 2 ሜትር ነው፤ ተቀጥለው ቢለኩ ደግሞ ከ90 ሜትር ያልፋሉ። አዳራሾቹ ለሕዝብ የተከፈቱት በ1927፣ ሞኔ በሞተ በዓመቱ ነው።

በእነዚህ ሥዕሎች ሰማይና ምድር የሚለዩበት መሥመር የለም፤ ሰማዩም ዛፉም የሚታዩት በውሃው ላይ ወድቀው ነው። ለመልክ ለመልክ ከሆነ ከረቂቅ ሥዕል ብዙም አይርቁም። ቀለማቸው ግን እንደ ፍራንከንታለር አልፈሰሰም። ሞኔ ይቀባል፣ ያደርቃል፣ እንደገና በላዩ ይቀባል፤ ለዓመታት ይመላለስበታል። በ1923 ዐይኑ ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ እንኳ እየተመለሰ ያርም ነበር። ቀለሙ በቀለም ላይ ተደራርቦ እንደ ቅርፊት ሆኗል።

እዚህ ላይ ሚዛናችን ይሠራል። የሞኔ ውሃ የቆመ ውሃ ነው። የቆመ ውሃ ያከማቻል፤ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ቀን በቀን ላይ፣ ጥላ በጥላ ላይ ይተኛበታል። የሞኔም አሠራር ማከማቸት ነው። የፍራንከንታለር ውሃ ደግሞ ወደ ዳር መጥቶ የሚመለስ የባሕር ውሃ ነው፤ አንዴ ይመጣል፣ አሸዋውን ያረጥባል፣ ይሄዳል። አሠራሯም በአንድ ቀን የተፈጸመ፣ የማይታረም ነው። ሁለቱ ሠዓሊዎች የተለያየ ስሜት ሊያሳዩን የቻሉት፣ አንዱ ትዝታንና ኀዘንን፣ ሌላዋ ደስታንና መፍታታትን፣ የውሃቸውን ጠባይ ለቀለማቸው ስለ ሰጡት ነው።

ሠ. ጉድለቱ

አሁን ሥዕሉን ካመሰገንንበት በዚያው ሚዛን እንውቀሰው። ርእሱ ሁለት ነገር ይላል፤ ተራሮችና ባሕር። ባሕሩ በጥሬው ሸራ ላይ ቤቱን አግኝቷል። በቀኝ በኩል የተኛው ሰማያዊ ባሕር ነው ብንል የሚከራከረን አይኖርም። ተራራውስ? ተራራ አይሰርግም፤ አይፈስም፤ ይቆማል፣ ይከብዳል። ቀጭን ቀለም በጨርቅ ውስጥ ሲሰጥም ግን ተራራውንም ውሃ ያደርገዋል። በመካከሉ የሚነሡት ሮዝና አረንጓዴ ቅርጾች ተራራ መሆናቸውን የምናምነው ከቀለሙ ሥራ ይልቅ ከቀለሙ አስቀድሞ በተጫሩት የከሰል መሥመሮች ነው። ይህም ማለት ባሕሩን ቁሱ ሲሠራው ተራራውን ንድፍ ተሸክሞታል ማለት ነው። በሥዕሉ ውስጥ ሁለት ቋንቋዎች አሉ፤ አንዱም ሌላውን ሙሉ በሙሉ አላሳመነም።

ሁለተኛው ጉድለት ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ዘይት ጥሬ ጨርቅን ይበላል፤ ያደርቀዋል፣ ያጠቁረዋል። ሠዓሊዎች ለዘመናት ሸራቸውን ኮላ የሚቀቡት ለዚህ ነበር። በእኛም አቡጀዲድ ላይ ያ የዘይት ክብ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቢጫነት አደላ። ፍራንከንታለርም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በውሃ ወደሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ተሻግራለች። የማይመለስ ውሳኔ ውበት እንዳለው ተናግረናል፤ ዋጋም እንዳለው መናገር ይገባል።

ሦስተኛውና ለእኛ ከሁሉ የሚያሳስበው ግን በሥዕሉ ላይ ሳይሆን በሚከተሉት ላይ ያለ ነው። ዘንድሮ ባየነው አንድ የተማሪዎች ትርኢት ላይ በጥሬ ሸራ ፈዛዛ ሰማያዊ አፍስሶ «ዓባይ በነሐሴ» የሚል ርእስ የሰጠ ሥራ ተሰቅሎ ነበር። ሥራው ውብ ነበር። ነገር ግን ዓባይን በነሐሴ ያየ ሰው ያንን ሰማያዊ አያምንም። ዓባይ በነሐሴ ቡናማ ነው፤ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይከብዳል፤ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ድምፁ ከሩቅ ያስፈራል። ያንን ውሃ በቀጭን ቀለም ማስረግ አይቻልም። ምናልባት ቀለሙ አፈር ሊቀላቀልበት፣ ሊወፍር፣ ሊሰነጠቅ ይገባው ይሆናል። ጓደኛችን ከፍራንከንታለር የወሰደው አሠራሯን ነው እንጂ ጥያቄዋን አልነበረም። ጥያቄዋ «ይህ ያየሁት ውሃ ምን ይሠራል? ቀለሜስ ይህንን እንዴት ይሥራው?» የሚል ነበርና።

መደምደሚያ

ከላይ የተናገርነውን ለመሰብሰብ ያህል፣ ከተፈጥሮ በተነሣ ረቂቅ ሥዕል ፊት የሚቆም ሰው ሦስት ነገር ቢጠይቅ ውይይቱ አይዘጋበትም ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ ርእሱ ቢነሣ በሸራው ላይ ምን ይቀራል? ሁለተኛ፣ ቀለሙ በሸራው ላይ የሠራው ሥራ ከየትኛው የተፈጥሮ ሥራ ጋር ይገናኛል? ሦስተኛ፣ ሠዓሊው የት ላይ ወሰነ፣ የትስ ላይ ዕድልን ተከተለ? እነዚህ ጥያቄዎች የሠዓሊውን ልብ አይመረምሩም፤ በዐይናችን ፊት ያለውን ብቻ ይመረምራሉ።

በዚህ ሚዛን «ተራሮችና ባሕር» በግማሹ የተሳካ ታላቅ ሥራ ነው ብለን እንፈርዳለን፤ ባሕሩን አግኝቷል፣ ተራራውን ግን በከሰል ተበድሯል። ፍርዳችን ትክክል ላይሆን ይችላል። ሥዕሉን በአካል ያዩ መምህራንም ሆኑ በዚህ የማይስማሙ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም ቢያርሙን ደስታችን ነው። የማንቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ስሜት ነውና አይፈረድም» የሚለውን። የተቀባውና ጥሬው አቡጀዲድ ጎን ለጎን በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ለመፍረድ የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ ሊያያቸው ይችላል።